ለጠባብ ክፍል የሚስማሙ ሦስት ሰዎች

ኅሊና ሕልሙን ያየችው ትናንት ከሰዓት፣ ድሬዳዋ በሙቀቱ ጸጥ ረጭ ብላ ሰው ሁሉ ጋደም ባለበት ሰዓት ነው።

ከመተኛቷ በፊት የሆነውን አስቀድሞ መንገር ይሻላል። ኅሊና የጥርስ ሐኪም ናት። ከዚራ ሰፈር ውስጥ በተከራየቻት ትንሽ ቤት ከታናሽ ወንድሟ ከናሆም ጋር ትኖራለች። ሳሎኑ ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር፣ የጨው ውሃ የተሞላ ትንሽ የመስታወት ገንዳ አላት። እስካሁን ዓሣ አልገባበትም። ውሃው ረግቶ ለዓሣ እስኪመች ሳምንታት ጠብቃ፣ ትናንት ረፋዱ ላይ ከጅቡቲ የባሕር ዓሣ እያመጣ ወደሚሸጠው ወደ ዋበሪ ሱቅ ሄደች።

"እነዚህን ሦስቱን ስጠኝ" አለችው፤ ሁለት ብርቱካናማዎችና አንድ ደማቅ ሰማያዊ እያሳየች።

"አቦ፣ ሰማያዊው ይቅርብሽ" አላት ዋበሪ። "መልኩ ነው እንጂ ጠባዩ አያምርም። ሰፊ ገንዳ ቢሆን ምንም አልልም ነበር፤ በጠባብ ቤት ግን ማንንም አያስጠጋም። ብርቱካናማዎቹ ጥንድ ናቸው፤ ይስማማሉ።"

"እሱንም ብፈልገውስ?"

"እንግዲያው መጨረሻ ላይ ይግባ። ቀድሞ ከገባ ቤቱ ሁሉ የኔ ነው ይላል።"

ኅሊና ምንም ሳትገዛ ተመለሰች። ያሳሰባት የዓሣው ነገር ብቻ አልነበረም። በማግስቱ አባቷ አቶ ወልደሰንበት ጓዛቸውን ጠቅልለው ከጭሮ ሊመጡ ነበር። እሳቸውና ናሆም ደግሞ የልጆቹ እናት ካረፈች ወዲህ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። እናትየው ስትታመም ናሆም አዲስ አበባ ወስዶ ሊያሳክማት ለመነ። አባትየው "ከቤቴ አታውጡኝ ብላኛለች" ብለው እምቢ አሉ። እዚያው አልጋዋ ላይ ሞተች። ከቀብር መልስ ናሆም ሻንጣውን አንስቶ እህቱ ጋ መጣ፤ ከዚያ በኋላ የአባቱ ስም ሲነሳ ተነስቶ ይወጣል። ጠዋት መምጣታቸውን ስትነግረውም "እኔ ሌላ ቤት እፈልጋለሁ" ብሎ ጫማውን ማሰር ጀመረ። ኅሊና ይህን እያወጣች እያወረደች ጋደም እንዳለች እንቅልፍ ይዟት ሄደ።

በሕልሟ ባሕሩ ድሬዳዋ ድረስ መጥቶ ነበር። ማንም አልደነገጠም። የከዚራ ዛፎች በውሃው ውስጥ ይወዛወዛሉ፤ ባጃጆች በቤት ጣሪያ ላይ እየዋኙ ያልፋሉ። ክሊኒኳ ስትደርስ በሽተኞቹ ነጭ ጋውን ለብሰው፣ ሐኪሞቹ ጉንጫቸውን ይዘው ተሰልፈው አገኘቻቸው። በቅርቡ ጥርሷን የነቀለችላት አንዲት ሴትዮ ወንበሩን አሳየቻት።

"ነይ፣ አፍሽን ክፈቺ።"

"እኔን እኮ አያመኝም።"

"የማያምሽ ስለለመድሽው ነው" አለች ሴትዮዋ። ጎንበስ ብላ ከመንጋጋዋ አንዲት ቃል ነቀለችና ሳህን ላይ ጣል አደረገቻት። ቃሏ ጥቁር ነበረች፤ ሥሯ ረጅም ነው። ኅሊና ልታነብባት ስትጠጋ ሳህኑ ሰፋ፣ አሁንም ሰፋ፣ ከዚያ የመስታወት ወለል ሆነ።

አሁን የቆመችው በመስታወት ሣጥን ውስጥ ነው። ባሕሩ ከውጭ ቀርቷል፤ ውስጡ ደረቅ አየር ነው። ግራና ቀኝ በሌሎች ሣጥኖች ሰዎች ተደርድረዋል፤ አንድ የትራፊክ ፖሊስ፣ አንድ ስልክ የሚያወራ ደላላ፣ ከነቬሏቸው የቆሙ ሙሽሮች። ዓሦቹ ከውጭ ወዲያ ወዲህ እያሉ ገበያ እንደወጣ ሰው ያማርጣሉ። ባለ ሱቁ ወፍራም ግራጫ ዓሣ ነው። አንዲት ብርቱካናማ ከባሏ ጋር መጣች።

"ለጠባብ ክፍል ነው" አለች። "ሦስት ሰው ይበቃናል። የማይናከስ ይሁን።"

"እቺ ጥሩ ናት" አለ ባለ ሱቁ፣ በክንፉ ኅሊናን እያመለከተ። "የሰጧትን ትበላለች። ድምፅ የላትም።"

ባልየው አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጠፈ። "ታማ እንዳይሆን?"

"ኧረ ደህና ናት። በሁለት የተኳረፉ ሰዎች መሃል ነው የኖረችው። እንደሷ ያሉት ዝም ይላሉ።"

ኅሊና "ድምፅማ አለኝ!" ልትል ሞከረች። ከአፏ አረፋ ብቻ ወጣ፤ ወደ ላይ እየተንሳፈፈ ሄደ።

ከዚያ አባቷንና ናሆምን አየር በተሞላ ላስቲክ ከረጢት አመጧቸው። አባቷ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ናሆም ሻንጣውን አቅፎ፣ እያንዳንዳቸው በየከረጢታቸው ተቀምጠዋል። ጀርባቸውን ተሰጣጥተዋል።

"እነዚህማ አይሆኑም" አለች ብርቱካናማዋ። "ተመልከት፣ አንዱ ሌላውን ማየት አይፈልግም።"

"ስለሚመሳሰሉ ነው" አለ ባለ ሱቁ። "የማይመሳሰሉትማ ልብ እንኳ አይባባሉም፤ አንዱ አሸዋ ላይ ይተኛል፣ ሌላው ከላይ ይዋኛል። የሚጣሉት አንድ ዓይነቶቹ ናቸው። ሁለቱም የሚጠብቁት ያንኑ ቦታ ነዋ።"

"የቱን ቦታ?"

ባለ ሱቁ ወደ መስታወቱ ክፍል ጥግ ዞረ። እናቷ የተኛችበት አልጋ እዚያ ነበር፤ ተነጥፏል፣ ማንም የለበትም። ኅሊና ናሆም ብቻ አልጋው አጠገብ የቆመ ይመስላት ነበር። አሁን ስታይ አባቷም በወዲያኛው በኩል ቆመዋል፤ እግራቸው እንደ ናሆም እግር ወለሉ ውስጥ ሰምጧል።

"ታዲያ ምን ይደረጋል?" አለ ባልየው።

"ሁሉንም አውጧቸው። ዕቃውን ከቦታ ቦታ አዛውሩት። ከዚያ አንድ ላይ ይግቡ። ሁሉም እንግዳ ከሆነ የኔ ቦታ ነው የሚል አይኖርም።"

ዓሦቹ ተረባርበው ዕቃውን ያዛውሩ ጀመር። ቁም ሣጥኑ ኩሽና ገባ፤ ኩሽናው በረንዳ ወጣ፤ በሩ ጣሪያው ላይ ተሰቀለ። አልጋውን ስድስት ትንንሽ ዓሦች ተሸክመው፣ አንሶላው እንኳ ሳይጨማደድ፣ በኅሊና ራስ ላይ አሳለፉት። እያየችው ራቀ። እንደዚያ ያለ ሐዘን ከቀብሩ ቀን ወዲህ ተሰምቷት አያውቅም። እጇን ዘረጋች፤ አልደረሰችበትም።

"አልጋው የት ሄደ?" አሉ አባቷ።

"አልጋው የት ሄደ?" አለ ናሆም በዚያው ቅጽበት፣ በዚያው ድምፅ።

ሁለቱም ደንግጠው ዞር አሉ፤ ተያዩም።

"እንዳትነኳቸው" አለ ባለ ሱቁ በሹክሹክታ።

ናሆም አፉን ከፈተ፤

"ቀስ በል እንጂ!"

ጩኸቱ ከእንቅልፏ አባነናት። ድምፁ የአባቷ ነው፤ የመጣውም ከሳሎን ነው። በባዶ እግሯ ሮጠች።

አባቷ አንድ ቀን ቀድመው መጥተዋል። ሻንጣቸው በሩ ላይ እንደቆመ ነው። እጅጌያቸውን ሰብስበው የመስታወቱን ገንዳ በአንድ ወገን ይዘዋል፤ በሌላው ወገን ቤት ሊፈልግ ወጥቶ የነበረው ናሆም ይዞታል። ግማሹን ውሃ በጆግ ቀድተው ግቢ ደፍተውታል፤ የቀረው እየተንቦጫረቀ ሸሚዛቸውን አርሶታል።

"ምን እያደረጋችሁ ነው?" አለች ኅሊና።

"ነቃሽ? ቤት ውስጥ ውሃ አቁረሽ ቢምቢ ታረቢያለሽ?" አሉ አባቷ። "በወባ ልታልቁ ነው? ይሄም እያየ ዝም ይላል!"

"ነግሬያታለሁ!" አለ ናሆም።

"አልነገርካትም!"

"እርስዎ የት ሆነው ሰሙ?"

"ብትነግራት ትሰማህ ነበር!"

ናሆም የሚመልሰው ነበረው፤ ገንዳው ግን አዘነበለና ሁለቱም እጃቸውን አጠበቁ። ዕቃው ከባድ ስለሆነ አንዱም ለቅቆ መውጣት አይችልም፤ መስታወት ስለሆነም በውሃው ውስጥ አንዱ የሌላውን ፊት ከማየት አያመልጥም። ኅሊና የሳምንታት ውሃዋ በደረጃው ወርዶ የአከራይዋ የቃሪያ ችግኞች ሥር ሲገባ አየች። ጨዉ እንደሚያደርቃቸው ታውቃለች።

"ወደ ግራ!" አሉ አባቷ።

"የማን ግራ?"

"የኔ ነዋ!"

ኅሊና ሄዳ ገንዳውን ከሥር ደገፈች፤ ሦስቱም እየተነጫነጩ ወደ በሩ ተጓዙ።