ያልቀጠርነው የጠመንጃ ሻጭ

ሱቅ ሁሉ ሁለት ሻጭ አለው። አንዱ ደሞዝ ይበላል፤ ሌላውን ማንም አልቀጠረውም። መድኃኒት ቤት ብትገቡ ከእናንተ ፊት የተሰለፈው ሰውዬ ነው፤ ጫማ ቤት ብትገቡ አንድ እግሩን አውልቆ የተቀመጠው ነው። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት። የዕቃውን ጉድለት ያውቃል፣ ዋጋውን ያውቃል፣ የእናንተን ኪስም በዓይኑ ይመዝናል። ባለሱቁ ሲያየው ቆሽቱ ያርራል። እኔ ባለሱቁ አይደለሁም፤ ግን ደሞዝ የሚበላው እኔ ነኝና ቆሽቴ ሲያርር ኖሯል።

የኛ ሱቅ ሞንታና ውስጥ፣ ድራይ ፎርክ በምትባል ትንሽ ከተማ ያለ የእርሻ ዕቃ መደብር ነው። ከፊት የከብት መኖ፣ የአጥር ሽቦና ጓንት፤ ከኋላ ጠመንጃ። የጠመንጃው ባንኮኒ ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የቆምኩት እኔ ሮይስ ነኝ። ያልቀጠርናቸው ሻጭ ደግሞ ክቡር ሚስተር ኤልዊን ስተርደቫንት ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት የአውራጃውን ግሬደር ነድተው ጡረታ ወጡ፤ ጡረታ በወጡ ማግስት ባንኮኒያችን ላይ ክርናቸውን አሳረፉ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አላነሡትም።

ሰው ገብቶ፣ "በሩቅ ኢላማ የምመታበት ጠመንጃ ፈልጌ ነበር" ሲል፣ እኔ አፌን ሳልከፍት ክቡርነታቸው ይቀድሙኛል።

"ስንት ይዘህ መጣህ?"

ሰውየው ደንግጦ ይናገራል። ምን ያድርግ?

"ግማሹን ለጠመንጃ፣ ግማሹን ለመነጽር። ከዚያ የጥይት ይትረፍህ። ካልተረፈህ ሂድና አጠራቅም፤ ጥይት የሌለው ተኳሽ ባለ ዱላ ነው።"

የጥርስ ሐኪሙ ዶክተር ሃልቨርሰን አንድ ቀን ሰደፉ ከዋልነት እንጨት የተሠራ፣ አራት ሺህ ዶላር የሚያወጣ ጠመንጃ ሊገዛ መጣ። ኮሚሽኔን በሐሳቤ ማጥፋት ጀምሬ ነበር። ሚስተር ኤልዊን ሰደፉን በጣታቸው ዳበስ አደረጉና፣ "ያምራል፤ ግን ጥይቷ መቼም ዞራ አታየውም" አሉት። ሐኪሙ ባለ ፕላስቲክ ሰደፉን ገዝቶ ወጣ፤ በተረፈው ጥይት ገዛ። እኔ ዱቄት ሆንኩ።

የተማሪዎች አውቶቡስ የምትነዳው ጆሊን ደግሞ ቀለል ያለ ጠመንጃ አማራት።

"ተራራ ልትወጪበት ነው ወይስ ተኝተሽ ልትተኩሺበት?" አሏት።

"ተኝቼ።"

"እንግዲያው ከባዱን ያዢ፤ በርሜሉ ወፍራም ይሁን። ሲተኮስ አይፈናጠርብሽም። ጥይቱንም እዚህ መደርደሪያ ላይ ሁልጊዜ የማይጠፋውን ዓይነት ምረጪ። ስሙን ሰምተነው የማናውቀውን ጥይት እየፈለግሽ ስትዞሪ ክረምቱ ይገባብሻል።"

እኔም ዝም አይነቅዝም ብዬ ቆየሁና፣ ሰደፉ የሚያርፍባትን ባለ ስልሳ ዶላር ትንሽ ከረጢት ብቅ አደረግሁ።

"ካልሲ የለሽም?" አሏት።

"አለኝ።"

"ሩዝስ?"

በዚያ ዓመት ውድድር ጆሊን ሩዝ የሞላ ካልሲዋን ይዛ ወጥታ ከአርባ ተኳሽ ሦስተኛ ሆነች። ከሁሉ የሚያናድደው እንግዲህ ይሄ ነው፤ ሰውየው ልክ ናቸው።

ባለፈው ሐምሌ አዲስ አለቃ መጣልን። ሚስተር ኮልቢ ይባላል፤ ከከተማ የመጣ፣ ጎበዝ፣ ፈገግታ የማይባክንበት ሰው። አንድ ሳምንት ዝም ብሎ አየና ባንኮኒው ጋ መጣ።

"ሚስተር ኤልዊን፣ አሥራ አንድ ዓመት ሰውን ርካሽ ጠመንጃ ሲያስገዙ ኖሩ አሉ።"

"ጥሩ ጠመንጃ ነው ያስገዛሁት።"

"እርስዎስ አንድ ገዝተው ያውቃሉ?"

አያውቁማ! በየዓመቱ መስከረም በሚደረገው የሺህ ያርድ ውድድራችን፣ ዘጠኝ መቶ ሜትር ከምናምን መሆኑ ነው፣ እሳቸው ከተኳሽ ኋላ ቁጭ ብለው የሰው ነጥብ ይጽፋሉ እንጂ ተኩሰው አያውቁም። ራስ ሲመለጥ፣ አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም እንዲሉ፣ ክቡርነታቸው ክርናቸውን አነሡ።

"ከመደርደሪያህ ርካሹን አውርድ። መስከረም ላይ በሱ በአሥር ጥይት ከመቶ ሰማንያ ካላመጣሁ፣ ዓመት ሙሉ እዚህ ባንኮኒ አልደርስም።"

"ካመጡስ?"

"ወንበር ትገዛልኛለህ። እስከ ዛሬ ቆሜ ነው።"

ተጨባበጡ። እኔ በሳቅ ልሞት። ምሳዬን ስበላ ግን ነገሩን አሰብኩትና ከፋኝ። ሚስታቸው ካረፉ ሰባት ዓመት ሆኗል፤ ሴት ልጃቸው ሲያትል ናት። ከኛ ባንኮኒ ሌላ ከሰው ጋር የሚያወሩበት ቦታ የላቸውም።

የወሰዱት ጠመንጃ አምስት መቶ ሃያ ዶላር የሚያወጣ፣ ጥቁር፣ መልከ ጥፉ ነገር ነው። መነጽሩም አምስት መቶ ሃያ፤ ሳንቲም አላዛነፉም። ከዚያ በኋላ ነሐሴን በሙሉ ጥይት ገዙ።

የውድድሩ ቀን እሳቸው ስድስተኛ ቁጥር ላይ፣ እኔ ሰባተኛ ላይ ተኛን። ጆሊን ከኋላችን ነጥብ ትጽፋለች። እዚያ ማዶ ሰዎች ጉድጓድ ውስጥ ሆነው ኢላማ በተመታ ቁጥር ያወርዱታል፤ የተመታበትን ቦታ ምልክት አድርገው መልሰው ይሰቅሉታል። ሚስተር ኮልቢ በርቀት ማያ መነጽር ይከታተላል።

ሽማግሌው ለካ ይተኩሳሉ! ስምንት፣ ዘጠኝ፣ ስምንት፣ ዘጠኝ። በስምንት ጥይት ስልሳ ስድስት ነጥብ ሞላላቸው። በቀሩት ሁለት ጥይቶች አሥራ አራት ካገኙ ወንበሩ ተገዛ ማለት ነው። እኔ የሳቸውን ነጥብ ስደምር የራሴን ተኩስ ረስቼዋለሁ።

ዘጠነኛዋን አጉርሰው፣ አነጣጥረው፣ ምላጩ ላይ ጣታቸውን አሳርፈው ሳሉ ቀና አሉና ወደኔ ዞሩ።

"ሮይስ፣ ነፋሱ በርትቷል። ሣሩን እየው። ትንሽ ወደ ግራ ያዝ።"

እግዜር ያሳያችሁ! ወንበራቸው በሁለት ጥይት ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ የሚመክሩት እኔን ነው። መክረውኝ ሲያበቁ ዓይናቸውን ወደ መነጽራቸው መልሰው ተኮሱ።

ስድስተኛው ኢላማ ንቅንቅ አላለም። የወረደው ሰባተኛው፣ የኔው ነው። ተመልሶ ሲወጣ ምልክቱ መሃል ለመሃል ተሰክቷል። ደንቡን እዚያ ሜዳ ያለ ሁሉ ያውቀዋል፤ በሰው ኢላማ ላይ የተተኮሰ ጥይት መሃል ቢገባም ዜሮ ነው።

"ሮይስ፣ የተኮስከው አንተ ነህ?" አለች ጆሊን።

አላፍርም፣ እናገረዋለሁ፤ ልዋሽ ነበር። "እኔ ነኝ" ብል ጥይቷ የኔ ትሆናለች፤ እሳቸውም ዘጠነኛዋን እንደገና ይተኩሳሉ።

"አዎ፣ እኔ..."

"ውሸቱን ነው!" ብለው ጮኹ ሚስተር ኤልዊን። "የሱ ጠመንጃ ገና አልተነፈሰም። የኔ ናት። ለስድስት ቁጥር ዜሮ ጻፊ።" ከዚያ ደግሞ፣ "መሃል ናት አይደል?" አሉ።

"መሃል ናት" አለች ጆሊን።

"አየሽ! ጠመንጃው አልሳተም፤ የሳተው ሰውየው ነው። ይሄንንም ጻፊው።"

አሥረኛዋ ዘጠኝ አመጣች። ድምር ሰባ አምስት። ሚስተር ኮልቢ መጥቶ፣ "ጠመንጃው ጥሩ ነው" አላቸው፤ ሌላ ነገርም ሊጨምር ነበር፤ እሳቸው ግን አላስጨረሱትም። "ውርርድ ውርርድ ነው" ብለው ጠመንጃቸውን ሸክፈው ሄዱ።

ሁለት ሳምንት ባንኮኒው ጭር አለ። ሰው ይገባና ግራ ቀኝ አይቶ፣ "ሽማግሌው የሉም?" ይላል። የሉም ስለው፣ "በቃ ሌላ ቀን እመጣለሁ።" አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠመንጃ የሸጥኩ ሰው ፊቱ ላይ ቆሜ!

በሦስተኛው ሳምንት ፒካፓቸው መኪና ማቆሚያው ጥግ፣ የከብት ጨው የተደረደረበት ዘንድ ቆማ ተገኘች። መስኮቷ ወርዷል፤ ሰው አጠገቧ ቆሟል። እኔ ጋ የሚገባው ደንበኛ ሁሉ ብጣሽ ወረቀት ይዞ ይገባ ጀመር። "ወፍራም በርሜል፣ ስድስት ነጥብ አምስት ሚሊ ሜትር ጥይት፣ ካልሲ" ይላል ወረቀቱ። ባንኮኒ አልደርስም አሉ እንጂ ስለ መኪና ማቆሚያ ያሉት ነገር የለም።

ኅዳር ላይ በረዶ ጣለ። ሚስተር ኮልቢ በመስኮት ሲያይ አራት ሰው ፒካፕዋ ጥግ እግሩን እየመታ ቆሟል።

"ሂድና ሽማግሌውን ጥራቸው፤ ደንበኞቼን ብርድ ፈጃቸው" አለኝ።

ሮጥኩ። እሳቸው ፍንክች የለም።

"ገና አሥር ወር ይቀረኛል።"

"አለቃው ራሱ ነው የጠራዎት!"

"እሱ ቢረሳው እኔ አልረሳሁትም።"

በማግስቱ ምሳዬን ይዤ ወጣሁና የፒካፕዋን በር ከፍቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ማሞቂያው ያቃስታል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እኚህን ሰው አንድም ቀን ምክር ጠይቄያቸው አላውቅም፤ ኩራቴ ነው።

"ሚስተር ኤልዊን፣ ለኔስ የትኛው ጠመንጃ ይሻለኛል?"

መልሳቸው ቶሎ አልመጣም። በሕይወቴ ሲዘገዩ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

"አንተ ጠመንጃ አትፈልግም" አሉ። "ስድስት ዓመት ከኋላህ ተቀምጬ ነጥብህን ስጽፍ አይቼሃለሁ። ምላጩን ስትስብ ዓይንህን ትጨፍናለህ።"

ክው አልኩ። "ስድስት ዓመት! ታዲያ ምነው አልነገሩኝም?"

"አልጠየቅኸኝማ።"

"ያልጠየቀዎትን ሁሉ ይመክሩ የለ እንዴ!"

"እሱማ መጥቶ ሂያጅ ነው። አንተ ባንኮኒው ላይ የምትቆም ሰው ነህ። መተኮስ አትችልም ብዬ በደንበኛ ፊት ላዋርድህ?"

እሳቸው ከደረት ኪሳቸው፣ ጫፉ ሲጫኑት ቀጭ የሚል እስክሪብቶ አወጡና እጄ ላይ አስቀመጡት።

"በቀስታ ተጫነው። መቼ ቀጭ እንደሚል አትጠብቅ። ዓይንህን ክፈት።"

ተጫንኩት። ጨፈንኩ።

"እንደገና።"

ሰው መጥቶ መስኮቱን አንኳኳ። ሚስተር ኤልዊን መስታወቱን አንድ ጣት ያህል ዝቅ አደረጉለት።

"ትንሽ ጠብቅ ልጄ" አሉት፤ "ደንበኛ ይዣለሁ።"