ለትምህርት ቤት የተነፋ ጥሩንባ

የወላጆች ስብሰባ ጠርታችሁ ታውቃላችሁ? ካልጠራችሁ ዕድለኞች ናችሁ። እኔ መምህርት ነኝ፤ ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ስሙን ተዉት፤ ዳይሬክተራችን ኩርፊያ ይወዳል። እኛ ጋ የወላጆች ስብሰባ ማለት ዳይሬክተሩ፣ መምህራኑና ጥበቃው ተሰብስበን፣ ባዶ አግዳሚ ወንበር እያየን ስለ ወላጅ ተሳትፎ የምንወያይበት ነው። ቃለ ጉባኤም እንይዛለን።

ታዲያ ያን ዓመት ደንብ ወጣልን። ደስታዬን አትጠይቁኝ! ወላጅ ሲጠራ ትምህርት ቤት ይመጣል፤ ልጁን ከትምህርት የሚያስቀር ደግሞ ስብሰባ ፊት ቆሞ ምክንያቱን ይናገራል፤ እምቢ ያለ ይቀጣል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ ተነበበ። ሰዉ ራሱን እየነቀነቀ ሰማ፣ አጨበጨበ፣ እጁን አውጥቶ አጸደቀ። እኔማ አለቀልን ብዬ ቤቴ ገባሁ። በሳምንቱ ስብሰባ ጠራን። አልመጣም ያለ የለም። የመጣም የለም።

አሁን ወደ ይታይሽ ልምጣ፤ ነገሬ እሷ ናት። ይታይሽ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዬ ናት። ምን ዓይነት ልጅ መሰለቻችሁ! ሒሳብ ላይ የምትጠይቀኝ ጥያቄ ላብ በላብ ያደርገኛል። ገና ሲቃረብ ድንገት ቀረች። ሳጠያይቅ፣ አባቷ አያ ደምለው ለገሳይ ሰው ሊድሯት ነው፣ ሠርጉም ከጥምቀት በኋላ ነው አሉኝ። ደሜ ፈላ። ልጅ እኮ ናት! ቤታቸው ድረስ ሄድኩ፤ ውሻው ተቀበለኝ፤ ከውሻው በቀር ብቅ ያለ የለም። ደንቡን እየጠቀስን ደጋግመን አስጠራናቸው። መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ እሺ፣ ይመጣሉ። እሺ ማለትን የመሰለ እምቢታ የት አለ?

ሌሊቱን ስብሰለሰል አድሬ፣ ጠዋት ጥቁር ሰሌዳ እየጠረግሁ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። ሰዉ የማይቀርበት ስብሰባ አለ እኮ! ለቅሶ ነዋ። የእድሩ ጥሩንባ ሲነፋ የሚያርሰው በሬውን ፈትቶ፣ የምታቦካው ሊጧን ጥላ ይሮጣሉ። ከሰው ለቅሶ የቀረ፣ የራሱ ቀን ሲመጣ ማን ያነሳዋል? እንግዲያው ስብሰባውን ለምን በጥሩንባ አንጠራም አልኩ። ዳይሬክተሩ፣ ሕጋዊ ነው ወይ ሲል ጠየቀኝ። ደንቡ ወላጅ በሚሰማው መንገድ ይጠራ ይላል አልኩት። ይላል እኮ! ቢያድግልኝ የሚባለው የእድሩ ጥሩንባ ነፊ ደግሞ ከእኔ ብሶ ቸኮለ። ዘላለሙን ለሞት ብቻ መንፋት ሰልችቶት ኖሯል። ከትምህርት ቤታችን ደጅ ላይ ነፍቶ ሲያበቃ፣ የወላጆች ስብሰባ ነው ብሎ እንዲለፍፍ ተስማማን።

እሱስ ለፍፏል። ግን ጥሩንባ የሰማ ሰው ከጥሩንባው ቀጥሎ የሚባለውን መች ይሰማል?

አቤት የመጣው ሰው! ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከላይም ከታችም ወየው ወየው እያሉ ግቢያችንን ሞሉት። የሚያለቅሱት ለማን እንደሆነ አያውቁም። ጥሩንባው ወደ ትምህርት ቤት ስለመራቸው፣ ያው ተማሪ ሞቷል ብለዋል። ከመሃላቸው ማንን ባይ ጥሩ ነው? አያ ደምለውን! ደንብ ያላመጣቸውን ሰውዬ ጥሩንባ አመጣልኝ።

ዳይሬክተሩ ወንበር ላይ ወጥቶ፣ ማንም አልሞተም፣ ስብሰባ ነው ሲል ለቅሶው ተቋረጠ። ቀጥሎ ጉርምርምታ ሆነ። ሽማግሌዎቹ በለቅሶ ይቀለዳል ወይ ብለው በዱላቸው መሬቱን ደበደቡት። ሰዉ ሊበተን ሲል እማማ ጠጅቱ ተነሡ። እማማ ጠጅቱ የአገሩ ሙሾ አውራጅ ናቸው፤ እሳቸው ያላወረዱለት ሟች በወጉ እንደተቀበረ አይቆጠርም። እያለቀስኩ ከቤቴ ወጥቼ፣ የምናለቅስለትን ሳላውቅ አልመለስም፣ ገዱ ክፉ ነው አሉ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ክፍል ገብቼ የይታይሽን ወንበር ተሸክሜ ወጣሁና መሃል ላይ አስቀመጥኩት። የይታይሽ ደምለው ወንበር ነው፣ ልትዳር ስለሆነ ከትምህርት ቀርታለች አልኳቸው።

እማማ ጠጅቱ ወንበሩን አዩት። አያ ደምለውንም አዩአቸው። ከዚያ ደረታቸውን መቱ፦

ደብተሯ ተከድኖ ወንበሯ ባዶ ሆነ፣
እንዲህ ባለች ልጅ ላይ አባት እንዴት ጨከነ።

አለቀ! ግቢው በአንድ ድምፅ ተቀበላቸው። ሰዉ ወንበሩን ከቦ ደረቱን ይመታል፣ ልጆቻችን በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ያለቅሳሉ፣ ጥበቃው ያለቅሳል። እኔስ? የማስመሰል እንዳይመስላችሁ፣ ጉንጬ እስኪርስ አለቀስኩ። ሲያበቃም ሰዉ እንደ ወጉ እየቀረበ፣ እግዜር ያጥናህ፣ እግዜር ያጥናህ እያለ የአያ ደምለውን እጅ ይይዝ ጀመር። እሳቸው መጀመሪያ ሳቁ። ኋላ ፊታቸው ጠቆረ። በመጨረሻ ድምፃቸው ተሰበረ።

“ኧረ ልጄ ቤቷ አለች፤ ምነው በቁሟ ቀበራችኋት?” አሉ።

እማማ ጠጅቱም፣ ካለች ወንበሯ ላይ እንያታ አሏቸው።

አያ ደምለው እሺ አሉ። እሺ! ያችኑ እሺ! ወሽመጤ ቁርጥ አለ።

ግን ወሬ ከኔ የተሻለ እግር አለው። ወሬው ገሳይ ሲደርስ ወንበሩና ደብተሩ መንገድ ላይ ጠፍተው፣ ለይታይሽ መለቀሱ ብቻ ደረሰ። በማግስቱ የሙሽራው ዘመዶች እዝን ተሸክመው፣ እየጮኹ አያ ደምለው ደጅ ደረሱ። በሩን የከፈተችላቸው ማን ናት? ራሷ ይታይሽ! አንዲት አክስት እዚያው ደጃፉ ላይ ዝርግት አሉ። ውሃ ተረጭተው ሲነቁ፣ ነገሩም ከሥሩ ሲነገራቸው፣ የሙሽራው አያት ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ተነሡ።

“ሙሾ የወረደላትን ልጅ ለልጃችን አንወስድም” አሉ።

አለቀ፤ እዝናቸውን እንኳ ሳያወርዱ ይዘውት ተመለሱ። አያ ደምለው ቢለምኑ፣ ሽማግሌ ቢልኩ፣ በጄ አላሉም። ጭራሽ ሌላ ጠያቂም ጠፋ። ሰኞ ጠዋት ልጅቱን ራሳቸው ይዘዋት መጡ፤ ካልተዳረች እንግዲህ ትማር እንጂ ምን ትሁን አሉኝ። ከደስታዬ ብዛት በእጄ የያዝኩትን ጠመኔ ሰባበርኩት። ዳይሬክተራችን ለወረዳው ሪፖርት ጻፈ፦ ደንቡ በወላጆች ሙሉ ተሳትፎ በስኬት ተግባራዊ ሆኗል። ውሸት ነው እንዳልል፣ ሰዉ ነቅሎ መምጣቱን በዓይኔ አይቻለሁ።

የጥምቀት ሰሞን አልፎ፣ አንድ ቀን ከክፍል ስወጣ የሰባተኛ ክፍል ልጃገረዶች በር ላይ ቆመው ይገፋፋሉ። አንቺ ንገሪያት፣ አንቺ ንገሪያት ይባባላሉ። ምን ሆናችሁ ብዬ ስቆጣ፣ አንዷ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ተናገረች።

“መምህርት፣ የኔ ሠርግ ከፋሲካ በኋላ ነው አሉ። እማማ ጠጅቱ መቼ ይመቻቸዋል?”