ወይዘሮ ለምን እና ያልተሸበሸበችው ጣት

ሰው ሁሉ አካል አለው፤ አካሉን ልብ ብሎ የሚያየው ግን ከሺህ አንድ ነው። የቀረነው እናዛጋለን፣ እናስነጥሳለን፣ እግራችን ሲደነዝዝ መሬቱን ደብድበን እንነሣለን፣ ኑሯችንን እንቀጥላለን። ያቺ ከሺህ አንዷ በየሥራ ቦታው፣ በየሰፈሩ፣ በየአውቶቡሱ አለች። ሰው ሲያስነጥስ “ይማርህ” ከማለቷ በፊት “ዓይንህን ለምን ጨፈንከው?” ብላ የምትጠይቀው እሷ ናት። እናንተም ታውቋታላችሁ። ካላወቃችኋት፣ አትቀየሙኝና፣ ምናልባት እናንተው ናችሁ።

የኛዋ ክብርት ወይዘሮ ለምን ትባላለች። እናትና አባቷ ያወጡላት ስም ሌላ ነው፤ እሱን ግን ከፊርማ መዝገቡ በቀር የሚያውቀው አልነበረም። ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ከጎኗ ቆሜ አንሶላ አጥቤያለሁ። ክፍላችን ምድር ቤት ነው። መስኮቱ ከጣሪያው ሥር ስለሆነ ከውጭው ዓለም የሚደርሰን የመንገደኛ ጫማ ብቻ ነበር። እኛ ጫማውን አይተን ዋጋውን እንገምታለን። እሷ “ይሄ ሰውዬ የቀኝ ተረከዙን ብቻ ለምን ይጨርሳል?” ብላ ሥራ ታስፈታናለች።

ማሽን ሁለት ነበረን። አንዱ ይሠራል፤ አንዱ ሆስፒታል ውስጥ እየኖረ የሚያክመው ያጣ በሽተኛ ነው። ስለዚህ ነጠብጣብ ያለበት ልብስ ሁሉ በሲሚንቶው ገንዳ በእጅ ይታሻል። ጓንት ይሰጠን ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ይቀደዳል፣ ተተኪው በሁለተኛው ወር ይመጣል።

የማዛጋቷን ነገር ልንገራችሁ። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ “ማዛጋት ይጋባል ወይስ አይጋባም?” ብላ ተነሣች። ይጋባል አልናት፣ ይህን ማን ያጣዋል።

“ማወቅ ሌላ፣ መቁጠር ሌላ” አለችና ካውያው አጠገብ ቆማ፣ ውሸቷን፣ አፏን ከፍታ አዛጋች። ተኳሿ ተከተለቻት። ከተኳሿ አጣፊዎቹ፣ ከአጣፊዎቹ እኔ። እሷ በጠመኔ ግድግዳው ላይ ሰረዝ ታሰምራለች። አለቃችን፣ በዚያ በእንፋሎት ቤት ክራባት አስሮ የሚውለው ሰው፣ በሩን ሲከፍት አሥራ አንድ ሴት አፏን ከፍታ አገኘ። “እዚህ ቤት ሥራ አለ ወይስ...” ብሎ ሊቆጣ ጀመረና መሐል ላይ እሱም አዛጋ። ወይዘሮ ለምን ረጋ ብላ ዞረችና አሥራ ሁለተኛውን ሰረዝ አሰመረች።

ወደ ቤት ስንመለስም እረፍት የለም። አውቶቡስ ውስጥ ሆና “ጨረቃዋ እኛን እየተከተለች ነው። ከወዲያ የሚመጣው አውቶቡስም እኔን ነው የምትከተለው ይላል። የማንኛችን ናት?” አለች። ሹፌሩ ደክሞታል፤ “እትዬ፣ ወርደው ለምን ራሷን አይጠይቋትም?” አላት። ወረደች። ይህን የምለው ለማጋነን አይደለም፤ ሁለት ፌርማታ ቀርቷት ወረደች። በማግስቱ ስትመጣ “ስቆም ቆመች፣ ስሄድ ሄደች። ሰው ብትሆን ኖሮ ፖሊስ እጠራ ነበር” አለችን።

በዕድሜ የምትበልጠን አንዲት አጣቢ ነበረች። “አንቺ ልጅ፣ ዝም አይነቅዝም” ብትላት፣ “ዝም ባይነቅዝም አያበቅልም” ብላ መለሰችላት።

መልሷ ሁሉ ልክ ነበር ማለቴ አይደለም። ጥያቄዋ ነው እንጂ የቀናው፣ መልሷ ብዙ ጊዜ ወልጋዳ ነበር። ስቅታ የሚይዘን ያልተናገርነው ነገር ጉሮሯችን ላይ ሲቆም ነው ብላ አንዷን ምስኪን “ምን ልትዪ ነበር? ተናገሪው” እያለች ግማሽ ቀን ወጥራ ያዘቻት። ልጅቷ በመጨረሻ ተናደደችና ለሁለት ዓመት የቋጠረችባትን ቂም ሁሉ ዘረገፈችው። ስቅታውም ለቀቃት። ወይዘሮ ለምን ስድቡን አልሰማችውም፤ “አላልኳችሁም?” አለች። ዛሬ ሁለታችንም ጡረታ ወጥተን፣ እሷ ሩቅ ልጇ ዘንድ ሆና እንኳ፣ ጠዋት ደውላ ገና ጤና ይስጥልኝ ሳትለኝ “ስታረጂ ጆሮሽ ነው ያደገው ወይስ ፊትሽ ነው ያነሰው?” ትለኛለች። እኔም ስልኩን ይዤ መስታወት ፍለጋ እሄዳለሁ።

ይህ ሁሉ ግን መንደርደሪያ ነው። ዋናው የኔ ጣት ነው።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ አግዳሚው ላይ ተደርድረን እጃችንን ጭናችን ላይ እንዘረጋ ነበር። ውሃ ሲነከር የዋለ የጣት ጫፍ እንዴት እንደሚሸበሸብ ታውቃላችሁ። እሷ ሰልፍ እንደሚጎበኝ ጄኔራል ከዳር እስከ ዳር እያየች ታልፋለች። “ያንቺ ደህና ነው። ያንቺ ደግሞ የዘጠና ዓመት አሮጊት አከለ።” ቆዳ እንደ ደረቅ ዳቦ ውሃ ጠጥቶ ነው የሚሸበሸበው ትላለች፤ ማን ተከራክሮ።

ስምንተኛ ዓመታችን ላይ፣ አንድ ቀን እኔ ጋ ስትደርስ ቆመች።

“ግራ እጅሽን አምጪ።”

“አየሽው እኮ።”

“አምጪ አልኩሽ። ትንሿ ጣትሽ ለምን አልተሸበሸበችም?”

አየሁት። ትንሿ ጣቴና ከቀለበት ጣቴም ግማሿ፣ ከውሃ ጋር ተዋውቀው የማያውቁ ይመስል ልስልስ ብለዋል።

“ከገንዳው አውጥታት ነዋ የምትውለው፣ ሻይ እንደምትጠጣ እመቤት” አለች ተኳሿ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን ከጥርሴ አላለፈም።

እኔ የደበቅሁት ነገር ነበረኛ። አራት ወር ሙሉ ያ የእጄ ጎን ሲነዝረኝ፣ ሲደነዝዝ ከርሟል። ቁልፍ መቆለፍ አቅቶኛል። እርጥብ አንሶላ ሁለት ጊዜ ከእጄ ሾልኮ ወድቋል። መጭመቅ ያቃታት አጣቢ ምን እንደሚጠብቃት አውቃለሁ። ከኔ በፊት ገንዳዬ ላይ የነበረችው ትከሻዋን ስትታመም አለቃችን “እስቲ ትንሽ እረፊ” አላት፤ በዚያው አረፈች፣ ከሥራዋ ማለቴ ነው። እኔ ሁለት ልጅ ብቻዬን ነበር የማሳድገው። እጄ ከሄደ ቤቴም መሄዱ ነው። ስለዚህ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ወይዘሮ ለምን ግን ጣቴን ይዛ አልለቀቀችም። በማግስቱ አየች፣ በሳልስቱም። ሁለቱን እጄን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አስነክራ ከግድግዳው ሰዓት ፊት ታስቀምጠኛለች። ቀኙ እጥፍጥፍ ይላል፤ የግራዋ ትንሽ ጣት ወይ ፍንክች። በሳምንቱ ትዕግሥቴ አለቀ።

“የራስሽን ጣት ቁጠሪ። በሰው ገላ ምን አገባሽ?” አልኳት፣ በሁሉም ፊት።

አልተቆጣችም። ጎንበስ ብላ፣ ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ “ትናንት አንሶላውን ለምን ጣልሽው?” አለችኝ። እዚያ ላይ እንባዬ መጣ።

“ለአለቃ እንዳትነግሪብኝ።”

“አለቃ ምን ያውቅና። ለሐኪም ነው የምነግረው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ” አለችና ባልዲውን ከቧንቧው ሞላችው።

እንግዲህ ከምድር ቤት እስከ ሦስተኛ ፎቅ፣ እኔን በአንድ እጇ፣ ባልዲውን በሌላው እየጎተተች ወጣን። ስምንት ዓመት የሐኪሞቹን ጋውን ስናጥብ ከአንዳቸውም ጋር ተነጋግረን አናውቅም ነበር። የነርቭ ሐኪሙን የምናውቀው በኪሱ ነው፤ እስክሪብቶው ያፈሳል፣ ቀለሙ በመከራ ነው የሚለቀው። እሱ በር ላይ ስንደርስ ተራ አስከባሪው እጁን ዘረጋ።

“ባልዲ ይዞ መግባት ክልክል ነው።”

“ለምን?”

ምስኪን፣ ማን እንደጠየቀው አላወቀም። “እንዲያው ክልክል ነው” አላት።

“እንዲያው የሚባል ክልክል የለም፣ ልጄ። ባልዲው ምስክራችን ነው። ከጠረጠርከው አንተው ያዘው።”

ያዘው። ለምን እንደያዘው እስከ ዛሬም የሚያውቀው አይመስለኝም።

ሐኪሙ ቀና ብሎ ሁለታችንንም አየ። “የታመመችው ማናችሁ ናት?”

“እሷ ናት። ግን ከመመርመርዎ በፊት እጇ ሩብ ሰዓት ይነከር።”

“እናቴ፣ ውጭ ሃያ ሰው እየጠበቀኝ ነው።”

“እኛም የርስዎን የኪስ ቀለም ለማስለቀቅ ስምንት ዓመት ጠብቀናል” አለችው።

ሐኪሙ ወደ ኪሱ አየ። ቀለሙ እዚያው ነበር። ባልዲውን ጥግ ላይ አስቀመጡልኝ፤ እሱ ሌላ ሰው እያከመ፣ እኔ ሁለት እጄን ነክሬ ቁጭ አልኩ። ሩብ ሰዓት ሲያልፍ ያለ ሐሳብ መጣና እጄን አነሣው። አገላበጠው። ከዚያ በሩን ከፍቶ ተማሪዎቹን ጠራ። በመርፌ ጫፍ ጣቶቼን ነካካ፤ ትንሿ ላይ ሲደርስ ሰው ሌላ ክፍል ሆኖ የሚነካኝ ያህል ነበር። ክርኔን በውስጥ በኩል መታ ሲያደርገው መብረቅ እስከ ጣቴ ጫፍ ሮጠ።

“ጣት የሚሸበሸበው ውሃ ጠጥቶ አይደለም እንዴ?” አለች ወይዘሮ ለምን።

“አይደለም። የሚያሸበሽበው ነርቭ ነው። ነርቩ ከተጎዳ ጣቱ ውሃ ውስጥ ቢውልም ልስልስ እንዳለ ይቀራል።”

“ስምንት ዓመት ሙሉ ተሳስቻለኋ” አለች። መሳሳቱ ሲነገረው ፊቱ እንዲያ የበራ ሰው አይቼ አላውቅም።

ሐኪሙ ሥራ ላይ እንዴት እንደምቆም ጠየቀኝ። እኔ ስንተባተብ እሷ ግራ ክርኗን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተክላ፣ ጠቅላላ ክብደቷን ጥላበት፣ በቀኝ እጇ የሌለ አንሶላ ማሸት ጀመረች። እኔን ራሴን መሰለች።

“ጠርዙ ምንድን ነው?” አለ።

“ሲሚንቶ።”

“ቀኑን ሙሉ?”

“ስምንት ዓመት ሙሉ።”

“ነርቩ የሚያልፈው በዚያ ነው፤ ጠርዙ እየተጫነ እየገደለው ነው” አለኝ። “ሌላ ግማሽ ዓመት ብትቆዪ ጡንቻሽ መሟሸሽ ይጀምር ነበር። እሱ ከሄደ ደግሞ መመለሱ እንጃ።”

በሐኪሙ ደብዳቤ ሁለት ወር ወደ ማጣጠፍ ተዛወርኩ። አለቃችን ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ቀዳዳ አጣለት። የገንዳዎቹ ጠርዝ ሁሉ ስፖንጅ ለበሰ። አራተኛው ወር ላይ፣ አንድ ምሳ ሰዓት፣ ትንሿ ጣቴ ጫፏ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር ይዛ ወጣች። አግዳሚው በሙሉ ተነሥቶ አየ። ተኳሿ ሳመቻት፣ ጣቴን።

በዓመቱ ሐኪሙ ሰባት ተማሪዎች አስከትሎ ምድር ቤት ወረደ። ሰው ዓይኑን እንዴት እንደሚጠቀምበት ላሳያችሁ ብሎ ነው ያመጣቸው። አንዷ ተማሪ “ይህን የጣት ነገር መጀመሪያ ያስተዋለው ማን ነው?” አለች። አለቃችን ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ ፊት ወጣ። “እንግዲህ ክፍላችን የሠራተኛውን ጤንነት በቅርብ የሚከታተል እንደመሆኑ መጠን፣ እኔም በበኩሌ...” እያለ ቀጠለ። ወይዘሮ ለምን ስለ ራሷ ሲሆን አፍ የላትም።

ያን ሰው ፈርቼ ነበር አራት ወር እጄን የደበቅሁት። ያን ቀን ግራ እጄን ከገንዳው አወጣሁና፣ ውሃው በክርኔ እየወረደ፣ ከሁላቸውም ራስ በላይ አነሣሁት።

“እሷ ናት ያየችው” አልኩ። “እስከ አራተኛ ክፍል ነው የተማረችው። ይህችን እጅ ያተረፈቻት እሷ ናት።”

ድምፄ ያን ያህል መውጣቱን ያወቅሁት ወዲያ ጥግ ማሽኑን የሚያሠራው ሰው ዞሮ ሲያየኝ ነው። ተማሪዎቹም ሁሉ ወደ እሷ ዞሩ። ወይ ታመሰግናለች፣ ወይ ታፍራለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ እቴ፣ አልሰማችኝም። አለቃችን አንገቱን በመሐረብ ሲጠርግ እያየች ነበር።

“ዛሬ እዚህ ቤት እንኳ ብርድ ነው” አለች ለተማሪዎቹ ቀስ ብላ። “ይህን ሰው ግን አልቦታል። ሰው ሲያፍር ለምን ያልበዋል?”

ተማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሐኪሙ “ጻፉ እንጂ” አላቸው። ሰባቱም ደብተራቸውን አውጥተው አጣቢዋን ከበቧት፤ እኔም እጄ እየተንጠባጠበ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ ከጎኗ ቆምኩ።