ምርቃት የበዛባቸው ጥይቶች

«ልክ» የሚባል ነገር እኛ ዘንድ ብዙም ወዳጅ የለውም። ሚዛኑ እኩል ሲቆም እጁን የሚሰበስብ ነጋዴ ሌባ አይባልም፤ የባሰ ስም አለው፣ ስስታም ይባላል። ደንበኛ ደስ የሚለው ሚዛኑ ወደ እሱ ዘንበል ሲል ነው፤ ዘንበል ካለም በኋላ «በይ እንጂ፣ መርቂልኝ» ማለቱ አይቀርም። ያቺን የመጨረሻ ቁንጥር፣ ምርቃቷን፣ ሳያገኝ ከሄደ ኪሎው ሞልቶለትም የተበላ ይመስለዋል። እኔ አቃቂ በሰቃ ገበያ ቅመማ ቅመም መሸጥ ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ አንድም ቀን ስስታም ተብዬ አላውቅም። ጉራዬን ለጊዜው ታገሡኝ፤ ውርደቴም ሩቅ አይደለም።

ከደንበኞቼ አንዱ ጋሽ ሁሴን ናቸው። የወሎ ሰው ናቸው፣ ገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ይኖራሉ፣ ሥራቸው ደግሞ አዳኝ መምራት ነው። ቃሊቲ መጋዘኖቹ መሀል፣ ከውጭ የሚመጡ አዳኞችን በሕጋዊ ፈቃድ ተራራ ይዞ የሚወጣ አንድ ድርጅት አለ፤ ጋሽ ሁሴን እዚያ ነው ያረጁት። ጉልበቱን የሚያመው ሰው አራተኛ ፎቅ ሲኖር ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ፤ ተራራ ከኮንዶሚኒየም ይብሳል። ድሮ አውሬው አጠገብ ድረስ እየዳሁ ይጠጉ የነበሩት ሰው፣ አሁን ፈረንጁን ከሩቅ አስቀምጠው ማስተኮስ ሆነ እጣቸው። ባለፈው ዓመት በዚሁ ሰበብ አንድ የደጋ አጋዘን ቆስሎ ጫካ ገባ። ሦስት ቀን ደሙን ተከትለው አጡት። የቆሰለ አውሬ እንደተገደለ ስለሚቆጠር ፈቃዱ እዚያው ተቃጠለ። ጋሽ ሁሴንን ያንገበገባቸው ግን ፈቃዱ አልነበረም፤ አውሬው የትም ወድቆ መሰቃየቱ ነው። የድርጅቱ ባለቤት፣ በዕድሜ ልጃቸው ሊሆን የሚችል ጎረምሳ፣ «ዘንድሮም እንዲህ ከሆነ በር ላይ ተቀምጠው መኪና ይመዝግቡ» አላቸው። ሠላሳ ዓመት ተራራ የወጣ ሰው በር ላይ!

ዘንድሮ ተራው የአንድ ጀርመናዊ ሐኪም ሆነ። ሐኪሙ ደረሰ፣ ጠመንጃው ደረሰ፣ ጥይቱ ግን መንገድ ላይ ጠፋ። ደግነቱ ድርጅቱ ጥይት የሚሞላበት ክፍል አለው፤ ባዶ ቀለሁ፣ ባሩዱ፣ አረሩ፣ ሁሉም በቁልፍና በወረቀት ነው። የፈቃዱ ወረቀት ቢዘረጋ ከጠመንጃው ይረዝማል። የሚሞሉት ራሳቸው ጋሽ ሁሴን ነበሩ፤ አሁን ግን እጃቸው ይንቀጠቀጣል። አንድ ጠዋት ሱቄ መጡና ጥቁር አዝሙድ ስመዝን እጄን ትኩር ብለው ሲያዩ ቆዩ።

«አስካለ፣ ያንቺ እጅ እኮ ሚዛን ነው» አሉኝ።

«ምን ሊያዙኝ ነው ጋሼ?»

«ባሩድ ትመዝኝልኛለሽ።»

«እኔ? ከፈነዳብኝስ ልጆቼን ማን ያሳድጋል?»

«አብሽሪ! አጠገብሽ ነኝ። ከፈነዳ አብረን ነን።»

እንዲህ ያለ ማጽናኛ ከወሎ ሰው በስተቀር ማንም አይሰጥም። ሄድኩ። ስሜም ከዚያ ረጅም ወረቀት ውስጥ ገባ።

ሥራው ሲገባኝ ወደድኩት። ጥይት ከሩቅ እንዲመታ ከተፈለገ ሁሉም መንታ መሆን አለባቸው፤ አንዱ ባሩድ ከወንድሙ ጥቂት ከበለጠ፣ አፈሙዙ ላይ የማትታይ ልዩነት ማዶ ተራራ ስትደርስ ክንድ ታህላለች። መለኪያው የገብስ ፍሬ ክብደት ነው፤ እሷንም አሥር ቦታ ይከፍሏታል። የትኛው ልክ ለዚያ ጠመንጃ እንደሚስማማ ደግሞ ጠመንጃው ራሱ ነው የሚናገረው። የባሩድ አሞላል መመሪያ መጽሐፉ ከፈቀደው ሳንወጣ፣ አንዱን ምድብ ከሌላው በትንሽ በትንሹ እየለያየን ሞላን። እንዳይደባለቁብን በጥፍር ቀለም ምልክት አደረግኩባቸው፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ። ጋሽ ሁሴን ሠርግ ያለብን መስሏቸው ነበር።

ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው የተኩስ ሜዳ ሄድን። ሐኪሙ ከየቀለሙ አምስት አምስት ተኮሰ። ዒላማው ወረቀት ላይ ያየነው የተበተነ ሽምብራ ነው። ሐኪሙ ትከሻውን ጠረጠረ፣ ጋሽ ሁሴን ነፋሱን ጠረጠሩ፣ እኔ ጠመንጃውን ጠረጠርኩ። የእኔን እጅ ግን ማንም አልጠረጠረም፤ እኔማ ጨርሶ። ስንመለስ ጋሽ ሁሴን መኪና ውስጥ እስከ ቃሊቲ ድረስ ጉልበታቸውን እያሹ ነበር። አንጀቴን በሉት።

በማግስቱ ሱቄ ውስጥ ለአንዲት ሴት ኮረሪማ እመዝናለሁ። ሚዛኑ ልክ ቆመ። ከዚያ ሁለት ጣቶቼ፣ ሳላዛቸው፣ ሴትዮዋም ሳትጠይቅ፣ ከማዳበሪያው ቁንጥር አንስተው ጨመሩ። እጄን አየሁት። አመል ያወጣል ከመሐል ይባል የለ? ሴትዮዋን ከነኮረሪማዋ ትቼ ባጃጅ ያዝኩና ቃሊቲ ገባሁ።

ያልተተኮሱትን ፈትተን እንደገና መዘንናቸው። ከተባለው ልክ ላይ የቆመ አንድም አልነበረም። አንዱ ትንሽ ተመርቆለታል፣ አንዱ ብዙ፤ አንዳንዱ ከመጽሐፉ ወሰን አልፏል። ሁሉንም በደግነት ሞልቻቸዋለሁ! ጋሽ ሁሴን ፊታቸው ዐመድ መሰለ።

«ወላሂ፣ ይኼ እኮ ጠመንጃውን ሰውየው ፊት ላይ ሊያፈነዳው ይችል ነበር» አሉ።

አለቀስኩ። ማልቀስ ያንሰኛል። «ሌላ ሰው ይፈልጉ» አልኳቸው።

ጋሽ ሁሴን የተፈታውን ባሩድ ወደ ዕቃው መለሱ። ከዚያ፣ «ጥፋቷን ራሷ ያገኘችውን ትቼ፣ ጥፋቱን የማያውቅ ሰው ላምጣ?» አሉና ሚዛኑን ወደ እኔ ገፉት።

እጄን ግን አላመንኩትም። ሃያ ዓመት የለመደን ጣት በአንድ ቀን ምክር አትመልሱትም። ከቦርሳዬ የቅንድብ ወረንጦዬን አወጣሁ። ሚዛኑ ሊሞላ ሲቃረብ ጣቶቼን ከሥራ አሰናብቼ ባሩዱን ፍሬ በፍሬ በወረንጦ ጨመርኩ። እንደዚህ ይዞ ምርቃት የሚሰጥ ሰው የለም፤ ቢፈልግም አይችልም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነውና አልቸኮልኩም። እያንዳንዷን መዝኜ፣ ጋሽ ሁሴን በመነጽር ዳግም አይተው፣ ከዚያ ነበር የምትዘጋው።

እንደገና ሜዳው ሄድን። ቀዩ ደህና መታ። አረንጓዴው ከቀዩ ተሻለ። ወይን ጠጁ ግን! አምስት ጥይት፣ ሁለት መቶ ሜትር ላይ፣ የአንድ ብር ሳንቲም ሲያስቀምጡባቸው አምስቱም ቀዳዳ ተሸፈነ። ሐኪሙ ዘሎ ጋሽ ሁሴንን አቀፋቸው፣ ጋሽ ሁሴን ጉልበታቸውን ረስተው እሱን አነሱት። እኔ ባዶ ሜዳ ላይ እልል አልኩ። የጥፍር ቀለም በጣቴ ላይ እንጂ እንዲህ ባለ ቦታ ያኮራኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። የቀረውን ቀን ሁሉ ወይን ጠጁን ብቻ ስንሞላ ዋልን።

ተራራው ላይ አልነበርኩም፤ ኔትወርክ ካለበት ጫፍ ሲደርሱ ጋሽ ሁሴን ደወሉልኝ። ያረጀ ወንድ የደጋ አጋዘን፣ ከሸለቆው ወዲያ ማዶ፣ አንድ ጥይት። ስለ ቀንዱ ይነግሩኛል ብዬ ነበር። የመጀመሪያው ቃላቸው ግን «አልተሰቃየም አስካለ፤ እቆመበት ወደቀ» የሚል ነበር። ከዚያ ስልኩ ውስጥ ሽማግሌ ሲያለቅስ ሰማሁ።

ሲመለሱ ድርጅቱ በግ አረደ። ባለቤቱ የሐኪሙን ዓይን አመሰገነ፣ ሐኪሙ ጠመንጃውን አመሰገነ፣ ጋሽ ሁሴን አላህን አመሰገኑ፤ ከዚያ ግን ቆመው፣ ጥይቱን የሞላችው ማን እንደሆነች ለሁሉም ተናገሩ። ባለቤቱ ደነገጠ፤ ያን ረጅም ወረቀት ስላላነበበው የመዘነው ወንድ መስሎት ነበር። ወዲያው ደግሞ እሳቸው ትከሻ ላይ እጁን ጣል አደረገና፣ «ጋሽ ሁሴን፣ በቃ ሁለት ዓመት ይቆዩልን» አለ። የበሩን ወሬ ያነሳ የለም።

«አይ ልጄ» አሉት። «ሰው ሂድ ሲሉት ከሄደ ተባረረ ይባላል። ቆይ ሲሉት ሲሄድ ነው ጡረታ የሚባለው።»

የባሩዱን ክፍል ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው እኔ መዳፍ ላይ አስቀመጡና ቀና ብለው ወጡ።

እኔ ጠዋት ሱቄን፣ ከሰዓት ባሩዱን ይዤ አለሁ። እስካሁን «ቆዪ» ያለኝ ስላልተገኘ፣ መሄድ አልቻልኩም።