ሁዳዴን የጾመችው መኪናችን

መኪና ትጾማለች እንዴ? እስከ ዛሬ መልሱ ጠፍቶኛል። እናንተ ሳቁ፤ እኔ ግን ልጅ ታቅፌ ነው የምጠይቀው።

ባለቤቴ ደሴ ከወንድሙ ጋር ሆኖ አንዲት ያገለገለች የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። ድምፅ የላትም። እዚህ ንፋስ መውጫ አህያ እንኳ ዞር አይልላትም። ችግሯ ሆዷ ነው። ወፍጮ ቤቱ ከጎናችን ነው፤ ወፍጮው ሲነሣ የቤታችን መብራት እንደ ጧፍ ይሆናል፣ እሷም ጠብ አይልላትም። ስለዚህ የምናበላት ወፍጮው በሚያርፍበት በበዓል ቀን ነው።

ልጄ ሰላም እግሯ ዞሮ ነው የተወለደችው። በየሳምንቱ ደብረ ታቦር ሄዳ ጀሶዋ ይቀየራል። በሚኒባስ ግፊያ አንዴ ተሰንጥቆባታል። ቀጠሮ ካለፈ እግሯ ተመልሶ ይዞራል ብለውኛል። ይቺ ቃል እንቅልፍ ነሥታኛለች።

ቀጠሮዋ ነገ ነው። ዛሬ የመጋቢት ሚካኤል ስለሆነ መኪናዋን በጠዋት ሰካኋት። አከራያችን እማሆይ አዩኝና «አንቺ፣ በሚካኤል ምን ሥራ ነው?» አሉኝ።

«መብላት መች ሥራ ሆነ እማሆይ? በቅሎስ በበዓል ትበላ የለ?»

«እሱስ እውነት ነው» ብለው ገቡ። በአፌ ኮራሁ።

ልጄን አቅፌ ጋደም አልኩ። በሕልሜ መኪናዋ ጉና ላይ ከጉም ጋር ትንሳፈፋለች። ሰላም ወርዳ በባዶ እግሯ ጉሙን እየረገጠች ትሮጣለች፤ ኮቴዋ አይሰማም። ጉሙ ደግሞ ይሞቃል። የጉና ጉም ሞቆ ያውቃል?

ስነቃ ገመዱ ተነቅሎ፣ ተጠቅልሎ፣ ችንካር ላይ ተሰቅሏል። እማሆይ አጠገቡ ቆመዋል።

«ገና አምስት ሰዓት ነው ልጄ። የምትበላ ከሆነች ሁዳዴን ትጹማ! ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ታቀምሻታለሽ።»

በአፍ ይጠፉ በለፈለፉ አሉ። እየለመንኳቸው ሳለ መብራቱ ራሱ ድርግም አለ። «አየሽ?» አሉኝ።

ይኸው አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ፤ መብራቱ አልመጣም። የመኪናዋ ሆድ ግማሽ ነው፤ ደብረ ታቦር ለመድረስ ደግሞ የጉናን አቀበት መውጣት አለባት። ደሴ «አቀበቱ ቢበላ ቁልቁለቱ ይመልሳል» ይላል፤ ቁልቁለት ስትወርድ ራሷን በራሷ ትሞላለች ማለቱ ነው። ለእሱ ሁሉም ነገር ቁልቁለት ነው።

እማሆይ ደግሞ ጸጸት ገብቷቸዋል። «ያስጾምኳት እኔ ነኝ፤ አብሬ ሄጄ ጉናን እስክታልፍ እጸልይላታለሁ» ብለው መቋሚያቸውን በራችን ላይ አቁመዋል። ደሴ በጆሮዬ «እሳቸው ከተቀመጡባት አቀበቱን አትወጣም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እማሆይ ጾመኛ ናቸው እንጂ ቀጭን አይደሉም።

እስቲ እናንተ ምከሩኝ፤ ጭነናቸው ክብደታቸውን እንቻለው፣ ወይስ ትተናቸው ጸሎታቸው ይቅርብን?