ውጭ የዳበረ ችሎታ በማተሚያ ቤቱ በር እንዳይገባ ስለመከልከል

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12፣ ከቀኑ 8፡00 ሰዓት
ቦታ፦ የማሸጊያ ማተሚያ ቤቱ ስብሰባ ክፍል (መስኮቱ አይከፈትም)
የተገኙ፦ ሥራ አስኪያጁ፣ ሰብሳቢ፤ የሒሳብ ሹሙ፣ አባል፤ የሰው ኃይል ኃላፊዋ፣ አባል፤ ዲዛይነሯ፣ ተከሳሽ፣ ሌላ የሚጽፍ ስለጠፋም ጸሐፊ።

የሽያጭ ኃላፊው ባይገኙም የለበሱት ኮት ወንበራቸው ላይ ተሰቅሎ ስለነበረ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ ስለ ታፔላው

ሰብሳቢው በመንገዳቸው አንድ የፀጉር ቤት ታፔላ አይተው፣ ከማማሩ የተነሳ ሳያስቡት ገብተው ጢማቸውን ተላጭተው መውጣታቸውን፣ ቤታቸው ሲደርሱም ባለቤታቸው በር ላይ “ማንን ፈልገው ነው?” እንዳሏቸው ገለጹ። ታፔላውን የሠራችው የገዛ ዲዛይነራቸው መሆኗን ሲሰሙ ሐዘናቸው እጥፍ ሆነ።

ጸሐፊዋ ስትጠየቅ፣ እዚህ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ የጨው ከረጢት ስትሥል መኖሯን፣ ሰማያዊውን ትንሽ ላድምቅ ብትል ኮሚቴ እንደተቋቋመባት፣ ማታ ማታ ታፔላና የመጽሐፍ ሽፋን ባትሠራ እጇ ዶልዱሞ ይቀር እንደነበር አስረዳች። የሒሳብ ሹሙ “አንቺ ልጅ፣ ጣቶችሽን የቀጠርናቸው እኛ ነን” አሉ። ጸሐፊዋ የተቀጠሩት ለቀን ብቻ መሆኑን አስታወሰች።

ከረጅም ውይይት በኋላ የውጭ ሥራዋን እንድታቆም፣ ካላቆመች እንድትሰናበት ተወሰነ። ኮቱ ድምፀ ተዓቅቦ አደረገ።

አጀንዳ 2፦ ቀድሞ ሾልኮ ስለገባው ችሎታ

የሒሳብ ሹሙ ውጭ ያዳበረችውን ችሎታ በር ላይ አስረክባ እንድትገባ ሐሳብ አቀረቡ። ጥበቃው ተጠርተው “እኔ የምፈትሸው ቦርሳ ነው ጌታዬ፤ የሰው ጭንቅላት ምኑ ይፈተሻል?” በማለታቸው፣ በተቀጠረችበት ቀን በነበራት ችሎታ ብቻ እንድትሠራ ተወሰነ።

ውሳኔው ወዲያው ሥራ ላይ ዋለ። አንዲት የሳሙና ነጋዴ የመጠቅለያ ንድፍ ፈልገው ደጅ ይጠብቁ ስለነበር፣ ጸሐፊዋ በቅጥር ቀኗ ችሎታ ሠርታ አቀረበች። ነጋዴዋ ወረቀቱን ገልብጠው፣ መልሰው ገልብጠው “ልጆቼ፣ ይሄ ሳሙና ነው ጡብ?” ካሉ በኋላ፣ የመጡት የፀጉር ቤቱን ታፔላ የሠራችውን ልጅ ፈልገው መሆኑን ተናገሩ። አባላቱ ጣሪያውን ተመለከቱ።

ሰብሳቢው “በይ ልጄ፣ እንደምታውቂበት አድርገሽ ሥሪላቸው” አሉ። ጸሐፊዋ የኮሚቴ ውሳኔ መጣስ እንደማትደፍር ገለጸች። የሰው ኃይል ኃላፊዋ ሳቅ ስላመለጣቸው ለአፍታ ወጡ።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ከላይ የተወሰነው በሙሉ ተሽሯል። ከሥራ ሰዓት ውጭ የጸሐፊዋ እጅ የጸሐፊዋ ነው። ሰብሳቢው ይህን ዓረፍተ ነገር እንድታለሰልሰው ጠይቀዋል፤ አልለሰለሰም።

ሁሉም ከፈረሙ በኋላ ስብሰባው 11፡00 ላይ፣ የሥራ ሰዓት ሲያበቃ ተበተነ። ጸሐፊዋና የሳሙና ነጋዴዋ ስለ መጠቅለያው እየተነጋገሩ አብረው ወጥተዋል።