ከርቲስን ማን ይለፈው?

በእኛ መሥሪያ ቤት አለቃ የሚባል ነገር የለም። በረዶ መጥረጊያ ማሽን የምንሸጥ አሥራ አንድ እኩል ሰዎች ነን፤ ይህንንም ከርቲስ ሰኞ ሰኞ በስብሰባ ያስታውሰናል። «እዚህ አለቃ የለም፤ ሁላችን እኩል ነን» ሲል ሁላችንም እናጨበጭባለን። አንድ ጊዜ ከሁላችን ቀድሞ ማጨብጨቡን ያቆመ ሰውዬ ነበር፤ አሁን ሌላ ቦታ ነው የሚሠራው።

ዘንድሮ ከርቲስ በከተማችን በዱሉት የሚካሄደውን ማራቶን አብረን እንሩጥ የሚል ሐሳብ አቀረበ። በፈቃደኝነት ነው። መሮጥ ያልፈለገ ሰው ምክንያቱን በሦስት ገጽ ጽፎ፣ ሐኪም አስፈርሞ፣ ለላቮን ማስገባት ብቻ ነበረበት። ላቮን የሰው ኃይል ኃላፊያችን ናት። እናም አሥራ አንዳችንም በገዛ ፈቃዳችን ተመዘገብን።

እኔ እንኳ ማንም ባይጠይቀኝም እሮጥ ነበር። የፊታችን ሐሙስ ሃምሳ ዓመት ይሞላኛል፤ ከዚያ በፊት አንድ ማራቶን ከአራት ሰዓት በታች መጨረስ አለብኝ። ሦስቴ ሞክሬያለሁ። አንዱ በሁለት ደቂቃ አመለጠኝ፣ ሌላው በሰባት፤ ሦስተኛውን አምቡላንስ ውስጥ ጨረስኩት። ባለቤቴ አርሊን ጠዋት ስወጣ «ዌንደል፣ በናትህ ዛሬ ግባና ገላግለኝ» ነው ያለችኝ።

እስከ አሥራ ሦስተኛው ማይል ድረስ ቆንጆ ነበርን። ልክ ግማሹ ላይ ግን የከርቲስን ተረከዝ ጫማው ላጠውና ሰውዬው ቀስ አለ። ከኋላው የነበርነው አሥራችንም ቀስ አልን። መናበባችን ያስቀናል።

አሯሯጯ ያለፈችን ይሄኔ ነው። በአራት ሰዓት መጨረስ ለሚፈልጉ ፍጥነት የምትጠብቅ፣ ቀይ ኮፍያ ያደረገች ሴትዮ ናት፤ ሰው እንዳይጠፋት ትንሽ ባንዲራ ጀርባዋ ላይ ተክላለች። ሰልፋችንን ከፊት እስከ ኋላ አየችው።

«ምነው፣ ቀብር ነው እንዴ የምትሄዱት?» ብላ ጥላን ሄደች።

ጉልበቴ ደህና ነው፣ ትንፋሼም ደህና ነው፤ የታመመው የከርቲስ ተረከዝ ነው፤ እንዴት ብሎ ነው የእኔ ሐሙስ የሚበላሸው? በቀኙ ክፍት ነው። በግራው ክፍት ነው። መንገዱ ስምንት መኪና ጎን ለጎን ያሳልፋል። ወደ ላቮን ጠጋ አልኩ።

«ላቮን፣ ከርቲስን ማለፍ ይፈቀዳል?»

«ምን ማለትህ ነው! እዚህ አለቃ የለም እኮ።»

«እና ልለፈው?»

«እለፈዋ! ማን ያዘህ?» አለችና ከወገብ ቦርሳዋ እስክሪብቶ አወጣች። «ሙሉ ስምህን ብቻ አስታውሰኝ።»

ሳላልፈው ቀረሁ።

አሥራ አምስተኛው ማይል ላይ ከርቲስ ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር አሰረ። እኛም ጎንበስ ብለን አሰርን። የእኔ አልተፈታም ነበር፤ ፈትቼ አሰርኩት። አሥራ ስድስተኛው ላይ ቀኑ ቅዳሜ ቢሆንም የሰኞውን ስብሰባ ጀመረ።

«እስቲ እየሮጣችሁ የሚሰማችሁን ስሜት ተራ በተራ ንገሩኝ» አለ።

ቁርጭምጭሚቱ ሎሚ ያህል ያበጠው የመጋዘኑ ሃዊ «ኩራት» አለ። ላቮን «ምስጋና» አለች። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ የአሯሯጯ ባንዲራ በምንሮጥበት ሐይቅ ዳር ካለው ኩርባ ጀርባ ሊሰወር ትንሽ ቀርቶታል። አርሊን ትዝ አለችኝ።

«እኔን የሚሰማኝ…» አልኩ፤ «ኧረ በቃኝ!» ብዬ አለፍኩት።

ሰማይ አልተደፋም። የሐይቁ ንፋስ ፊቴን መታኝ፤ እውነቴን ነው፣ ከደስታዬ ብዛት አለቀስኩ። አሥራ ሰባትን፣ አሥራ ስምንትን፣ አሥራ ዘጠኝን እንዴት እንዳለፍኳቸው አላውቅም። ሃያኛው ማይል ላይ ባንዲራው ሃምሳ እርምጃ ቢቀድመኝ ነው። ሰዓቴን አየሁ። እደርሳለሁ!

ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ዞር ብል ላቮን፤ ከላቮን ኋላ ሃዊ፤ ከሃዊ ኋላ ሌሎቹ፤ መጨረሻ ላይ አንድ እግሩን እየጎተተ ራሱ ከርቲስ።

«ምን ሆናችሁ ነው?» አልኩ።

«ሰው ከርቲስን ዝም ብሎ አያልፍም» አለች ላቮን እያለከለከች። «ከዋናው መሥሪያ ቤት የነገሩዎት ነገር ቢኖር ነው ብለን ነው።»

አንቱ ተባልኩ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቼ የመጀመሪያዬ ነው።

«እኔማ ድሮም ብያለሁ!» ሲል ከርቲስ ከኋላ ጮኸ። «ቀጣዩ እርስዎ እንደሆኑ ያስታውቅ ነበር!»

ማንም ምንም አልነገረኝም ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ በፊት ግን ለሙከራ ያህል ቀስ አልኩ። ቀስ አሉ። ፈጠን አልኩ፤ ፈጠኑ። ወደ ግራ ታጠፍ ስል አሥሩም ወደ ግራ ታጠፉ። ባንዲራው እየራቀ ነው። እግሬን ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ የጫማዬ ክር ጥብቅ ብሎ ታስሯል።

ቆምኩ። ፈታሁትና ተረጋግቼ አሰርኩት። ቀና ስል አሥር ሰው አስፋልቱ ላይ ጎንበስ ብሎ ክር ያስራል።

«አይዟችሁ፣ አትጨነቁ» አልኳቸው። «እዚህ አለቃ የለም፤ ሁላችን እኩል ነን።»

አጨበጨቡ። እኔም ቀድሞ የሚያቆመው ማን እንደሆነ ለማየት አንድ በአንድ እጃቸውን መመልከት ጀመርኩ።